ቪዲዮው መልስ አይጠብቅም፦ በጎንደር አንድ የጥናት ቡድን የአቪዬሽን እንግሊዝኛን የተማረበት መንገድ

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በጎንደር ከተማ የአቪዬሽን እንግሊዝኛን በራሳቸው ጥረት ለመማር የተሰባሰቡ ጥቂት ወጣቶችን ጉዳይ ይመዘግባል። መማሪያቸው ስለ አየር መንገድ ኢንዱስትሪ የሚተርኩ የኢንተርኔት ቪዲዮዎች ነበሩ። እኔ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነኝ፤ ከአቪዬሽን ጋር ያለኝ ግንኙነት ቲኬት ከመቁረጥ አያልፍም። ወጣቶቹ የጠሩኝ ሰዋስዋቸውን እንዳርምላቸው ነበር። ሰዋስው ግን ዋናው ችግራቸው ሆኖ አልተገኘም።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ማንነታቸውን የሚያጋልጡ ዝርዝሮችንም ትቻለሁ። ጉዳዩ እንዲመዘገብ የፈለግኩት ብዙ ወጣት ዛሬ በዚሁ መንገድ እየተጓዘ ስለሆነና መንገዱ እስከ የት እንደሚያደርስ፣ የት ላይም እንደሚያቆም በግልጽ ሲነገር ስለማልሰማ ነው።

ተማሪዎቹና ቪዲዮዎቹ

ከጎንደር መሃል ከተማ በስተደቡብ፣ አዘዞ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። በአዲስ አበባ መስመር ዘወትር የሚታየው ሁለት ፕሮፔለር ያለውና ከ70 በላይ መንገደኞች የሚይዘው ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ነው። አዘዞ ያደገ ልጅ የዚህን አውሮፕላን ድምፅ ከደመና በላይም ሆኖ ይለየዋል። የቡድኑ ሐሳብም የፈለቀው ከዚያው ሰፈር ልጆች ነው።

እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሦስት ናቸው። አንዷ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ የምትሠራና የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን የምትመኝ ወጣት ነች። ሁለተኛው በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቆ ሥራ ይፈልግ የነበረ ልጅ ሲሆን ዓላማው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መሆን ነው። ሦስተኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምሩቅ ነው፤ ለአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ይዘጋጅ ነበር። ሌሎችም መጥተው ሄደዋል። አንዱ፣ ምናልባትም ከሁሉም የተሻለ ጆሮ የነበረው፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ።

ቪዲዮዎቹን የሚያወርዱት ኔትወርክ በሚሻልበት በሌሊት ነበር። በማግስቱ በቴሌግራም ወይም በሚሞሪ ካርድ ይከፋፈሏቸዋል። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ብዙም በማይርቅ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ቅዳሜና እሑድ እየተሰበሰቡ በአንድ ላፕቶፕ ያያሉ፤ መብራት ከጠፋ በስልክ ይቀጥላሉ።

የመረጧቸው ቪዲዮዎች መጥፎ አልነበሩም፤ እንዲያውም ጥሩ የንግድ ትምህርት ነበሩ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር መንገዶቿን ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር ነፃ ስታወጣ ምን እንደተከተለ፣ አየር መንገድ ለምን ከመቀመጫው ቁጥር በላይ ቲኬት እንደሚሸጥ፣ አውሮፕላን መከራየት ከመግዛት መቼ እንደሚሻል፣ መንገደኛን በአንድ መናኸሪያ አሰባስቦ መበተን ምን ጥቅም እንዳለው የሚያስረዱ ናቸው። ወጣቶቹ ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ቦሌ የአህጉሩ መናኸሪያ እንዴት ሊሆን እንደቻለ፣ በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ላይ ሁለተኛ ማዕከል ለምን እንዳስፈለገ ሲከራከሩ መስማት ያስደስት ነበር። ክርክሩ ግን በአማርኛ ነበር።

የአቪዬሽን እንግሊዝኛ ሲባል ምን ማለት ነው?

ችግሩን ለመረዳት መለኪያውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወጣቶቹም እኔም መጀመሪያ ላይ በሚገባ ያላየነው ይህንን ነበር። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ማሟላት ያለባቸውን የቋንቋ ብቃት እ.ኤ.አ. በ2003 ደነገገ። ድንጋጌው ከማርች 5 ቀን 2008 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ፤ ላልተዘጋጁ አገሮችም እስከ ማርች 2011 ድረስ ጊዜ ተሰጣቸው። መለኪያው 6 ደረጃዎች አሉት። ለሥራ የሚያበቃው ዝቅተኛው ደረጃ 4 ነው፤ ደረጃ 4 ያለው ሰው ቢያንስ በየ3 ዓመቱ፣ ደረጃ 5 ያለው በየ6 ዓመቱ እንደገና ይፈተናል።

ተፈታኙ የሚመዘነው በ6 ችሎታዎች ነው፦ በአነጋገር ወይም ድምፅ አወጣጥ፣ በዓረፍተ ነገር አወቃቀር፣ በቃላት ሀብት፣ በንግግር ቅልጥፍና፣ በአዳምጦ መረዳትና በምልልስ። የስድስቱ አማካይ አይወሰድም። የሰውየው የመጨረሻ ደረጃ ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው። በአዳምጦ መረዳት 5፣ በቃላት 5 አግኝቶ በምልልስ 3 ያገኘ ሰው ደረጃው 3 ነው፤ ያለፈቃድ ይቀራል።

ይህ ደንብ የቪዲዮ ትምህርትን ጥቅምና ገደብ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ቪዲዮ ጆሮንና የቃላት ሀብትን ያሳድጋል። ምልልስን ግን አይነካም፤ ምክንያቱም ተራኪው ጠይቆ መልስ አይጠብቅም፣ ብትሳሳት አያርምህም፣ ዝም ብትልም ወሬውን ይቀጥላል። እስክስታን በቴሌቪዥን ብቻ አይቶ የተማረ ሰው ሠርግ ቤት ሲገባ የሚገጥመው ዓይነት ነገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ መለኪያ የሚመለከተው በሬዲዮ የሚነጋገሩትን ነው። የበረራ አስተናጋጅም ሆነ የጥገና ባለሙያ በዚህ ደረጃ አይፈተኑም። ሦስቱ ወጣቶች ግን «የአቪዬሽን እንግሊዝኛ» የሚል አንድ ዕቃ ያለ ይመስል አንድ ዓይነት ቪዲዮ እያዩ አንድ ዓይነት የቃላት ደብተር ይሞሉ ነበር።

ችግሩ የታየበት ሙከራ

ከአቪዬሽን ሥራ በጡረታ የተገለሉና ረጅም ዘመን ሬዲዮ ላይ የሠሩ አንድ አዛውንት በከተማችን ይኖራሉ። ወጣቶቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። አንድ ቅዳሜ እንዲፈትኗቸው ለመንናቸውና መጡ። የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ግራ አጋባን፦ ተፈታኙ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለበትም። እርሳቸው ሱቁ ውስጥ፣ ተፈታኙ ጀርባ ካለችው ክፍል ሆነው በስልክ እንዲነጋገሩ አደረጉ። «አብራሪ የተቆጣጣሪን ፊት አያይም» አሉ።

በቅድሚያ የአዘዞን ማረፊያ ዓለም አቀፍ መለያ በሬዲዮ ፊደል፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል በተመደበለት ቃል፣ እንዲጠሩ ጠየቁ። በሻንጣ ላይ የሚለጠፈውን ባለ ሦስት ፊደል መለያ፣ ጂ ዲ ኪውን፣ ሁሉም ያውቁታል። በበረራ ዕቅድ ላይ የሚጻፈው ባለ አራት ፊደል ግን ሌላ ነው፤ «ሆቴል አልፋ ጎልፍ ኖቬምበር» ይባላል። ይህን ያወቀ አንድም ልጅ አልነበረም።

ከዚያ መሐንዲሱ ተራው ደረሰ። ጋሼ እንደ ተቆጣጣሪ ሆነው ከፍታ፣ አቅጣጫና የአየር ግፊት ቁጥር በአንድ ትንፋሽ አከታትለው ሰጡት። ልጁ በሚያምር አነጋገር «ሮጀር» አለ። ጋሼ ቆም ብለው በአማርኛ ስንት ከፍታ እንደሰጡት ጠየቁት። አላወቀውም።

«ሐሳቡን ይዤዋለሁ፣ ጋሼ» አለ።

«ልጄ፣ ሬዲዮ ላይ ሐሳብ አይያዝም፤ ቁጥር ነው የሚያዘው።»

በሬዲዮ ሥርዓት «ሮጀር» ማለት የመጨረሻውን መልእክትህን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ ማለት ነው። ከፍታ፣ አቅጣጫና የመሳሰሉት ግን በ«ሮጀር» አይመለሱም፤ ተቀባዩ ቁጥሩን መልሶ መናገር፣ ሰጪውም መልሶ የተነገረውን ማዳመጥ ግዴታ አለባቸው። ልጁ ይህን በቪዲዮ ሰምቶታል። ታዲያ ለምን ደግመው ይንገሩኝ አላለም? በኋላ ብቻውን አግኝቼ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼን ያክል ሰው ሁለቴ ማናገር ነውር መስሎኝ ነው» አለኝ።

የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ያደግነው ታላቅ ሲናገር «እሺ» እያልን ነው። ያልገባንን ነገር በ«እሺ» አሳልፈን በኋላ ከጓደኛ እንጠይቃለን፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ይህ ጨዋነት ነው፣ አልነቅፈውም። ቪዲዮዎቹ ግን ይኸንኑ ልማድ በእንግሊዝኛ አጠናከሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያመልጥህ ታልፈዋለህ፤ ሥዕሉና ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ሐሳቡን ይሞሉልሃል፤ ቪዲዮው ሲያልቅ ሁሉ የገባህ ይመስልሃል። ለወራት ቪዲዮ ያየ ተማሪ እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ያልሰማውን ማለፍንም ይለማመዳል። በአይካኦ መለኪያ ደግሞ ደረጃ 4 ምልልስ ማለት የተምታታ ነገር ሲኖር መጠየቅ፣ ማረጋገጥና ማብራራት መቻል ነው።

ሴቷ ወጣት በተቃራኒው ብዙ ተናገረች። ከመቀመጫ በላይ ስለሚሸጥ ቲኬት የቪዲዮውን ትረካ ከነድምፀቱ በቃሏ ወጣችው። ጋሼ ጣልቃ ገብተው፣ «እኔ ቲኬት የያዝኩ፣ የተቆጣሁ መንገደኛ ነኝ፤ ምን ትይኛለሽ?» ሲሏት ዝም አለች። ቴክኒሽያኑ ከሁለቱም በታች ነበር፤ እርሱ ግን የመጣው እንደማይችል አውቆ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቪዲዮዎቹን አልተውናቸውም። ልጆቹን በየሳምንቱ ወደዚያች ክፍል የሚያመጣቸው ፍቅር እርሱ ነበርና መተው ሞኝነት ይሆን ነበር። የቀየርነው አጠቃቀሙን ነው።

አንደኛው ለውጥ ሥዕሉን መከልከል ነበር። የላፕቶፑን ገጽ ወደ ግድግዳ አዙረን ድምፁን ብቻ ማዳመጥ ጀመርን። ተቃውሞ ነበር፤ አውሮፕላን የማይታይበት የአውሮፕላን ቪዲዮ ምን ይጣፍጣል? ሥዕሉ ሲነሳ ግን ማን ቁጥሩን እንደሰማ፣ ማን ከካርታው ላይ እንዳነበበ ወዲያው ተለየ። በእያንዳንዱ አጭር ክፍል መጨረሻ አቁመን የተጠቀሱትን ቁጥሮች፣ ዓመታትና የቦታ ስሞች ብቻ እናስጽፍ ነበር። ስለ አጠቃላይ ሐሳቡ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ከአውቶማቲክ የግርጌ ጽሑፍ ጋር የተደረገ ጨዋታ ነው። የአንድ ደቂቃ ትረካ በጆሮ ብቻ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ከጻፈው ጋር ያስተያያሉ። ማሽኑ የቦታ ስሞችንና የሙያ ቃላትን በየጊዜው ያበላሻል። አንድ ልጅ ማሽኑን ያረመ ዕለት የሚሰማው ኩራት እኔ ከምሰጠው ምስጋና ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ትረካውን ወደ ምልልስ መለወጥ ነው። አደጋዎችን የሚተርኩ ቪዲዮዎችን ለዚህ ተጠቀምንባቸው፤ ስሕተቱ ከመፈጸሙ ጥቂት ቀደም ብለን እናቆምና፣ «አሁን አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?» እንላለን። ሦስት አደጋዎች ደጋግመው ተነሡ።

የመጀመሪያው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989 ኩዋላ ሉምፑር አጠገብ የወደቀው የፍላይንግ ታይገር የጭነት አውሮፕላን ነው። ተቆጣጣሪው ወደ 2400 ጫማ ውረዱ ለማለት «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» አለ፤ አብራሪዎቹ መጀመሪያ ያለውን «ቱ» ከቁጥር ሳይሆን «ወደ» ከሚለው ቃል ቆጥረው «ፎር ዜሮ ዜሮ» ብለው መለሱ፤ ማንም አላረማቸውም። ወደ 400 ጫማ እንወርዳለን ሲሉ ከኮረብታ ተጋጩ፤ አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ቁጥር መልሶ መናገር ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው በጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ኒው ዮርክ አቅራቢያ ነዳጅ ጨርሶ የወደቀው የአቪያንካ በረራ 52 ነው። ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞተዋል። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረዋል፤ ቅድሚያም ጠይቀዋል፤ ድንገተኛ አደጋ ላይ መሆናቸውን የሚያውጀውን ቃል ግን አልተናገሩም። ሴቷ ወጣት ይህን ስትሰማ፣ «ማስቸገር አልፈለጉም ማለት ነው» አለች። እኔ ከዚህ የተሻለ ትንተና አልነበረኝም።

ሦስተኛው በማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች የተጋጩበትና 583 ሰዎች ያለቁበት ነው። ከሁለቱ የአንዱ፣ የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም አውሮፕላን፣ ረዳት አብራሪ መነሳት ላይ መሆናቸውን ግልጽ ባልሆነ አነጋገር ተናገረ፤ ከመቆጣጠሪያ ማማው የመጣው መልስ የመጀመሪያ ቃሉ «ኦኬ» ነበር። ቀጥሎ የተነገረው ቆዩ የሚል መልእክት ከሌላው አውሮፕላን ጥሪ ጋር ተደራርቦ በፉጨት መሰል ድምፅ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ፈቃዱ ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» እንዲባል ሥርዓት ተደረገ። አንዲት «ኦኬ»፣ አንዲት «እሺ»። መሐንዲሱ ከዚያ ቀን ወዲህ «ሮጀር» ብሎ ሲያመልጥ አላየሁትም።

አራተኛው፣ መብራትና ኔትወርክ በሚያስቸግርባቸው ቀናት፣ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነበር። ጋሼ ሦስት ወይም አራት ቁጥሮች ያሉበት መመሪያ ቀድተው ይልካሉ፤ ልጆቹ አንዴ ብቻ ሰምተው መልሰው ይናገራሉ። ያልሰማ ሰው መገመት አይፈቀድለትም፤ እንዲደገምለት በሥርዓቱ ቃል፣ «ሴይ አጌን» ብሎ፣ መጠየቅ አለበት። ጋሼ ብልሃተኛ ናቸው፤ አንዳንዴ ሆን ብለው እየሳሉ ወይም በሩጫ እየተናገሩ ይቀዳሉ። በዚያ ዕለት ያልጠየቀ ወድቋል። ታላቅን ደግመው ይንገሩኝ ማለት ግዴታ ሲሆን ነውርነቱ ቀረ።

የሠራው

አነጋገር ላይ ያልጠበቅነው እርዳታ ከራሱ ከአይካኦ ሥርዓት መጣ። አማርኛ የእንግሊዝኛው ምላስና ጥርስ ተነካክተው የሚወጣው ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ 3ን «ስሪ» እንላለን። በሬዲዮ ሥርዓት ግን 3 «ትሪ»፣ 1000 «ታውሰንድ» ተብሎ እንዲነገር ነው የተደነገገው፤ 4 «ፎወር»፣ 5 «ፋይፍ»፣ 9 «ናይነር» ይባላሉ። ልጆቹ የቪዲዮ ተራኪዎችን አነጋገር ለመምሰል ምላሳቸውን ሲያጣምሙ ከርመው ለሥራው የሚፈለገው ለአፋቸው የቀለለው መሆኑን ሲያውቁ ዘና አሉ። መለኪያውም ቢሆን የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሰው መምሰልን አይጠይቅም፤ በደረጃ 4 የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተጽዕኖ ይፈቀዳል፣ መረዳትን አልፎ አልፎ ብቻ የሚያውክ እስከሆነ ድረስ።

ቅልጥፍና የመጣው ከአካባቢው ነገር ነው። ቴክኒሽያኑን ስለ አሜሪካ አየር መንገዶች ክስረት እንዲያወራ ስንጠይቀው ላብ ያጠምቀው ነበር። አንድ ቀን አዘዞ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በመሆኑ አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሳ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። አየሩ ሲሳሳ ክንፍም ፕሮፔለርም የሚይዙት አየር ያንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል፤ ስለዚህ ወይ መንደርደሪያው ይረዝማል ወይ ጭነት ይቀነሳል። ቦሌ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ ያለ ማስታወሻ፣ በተሰባበረ ግን ባልተቋረጠ እንግሊዝኛ ተናገረው። ቃላቱን ያገኘው ከቪዲዮ ነው፤ ንግግሩን ያንቀሳቀሰው ግን የሚያውቀውና የሚያየው ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ቪዲዮ ካየን በኋላ ጥያቄው «ይህ አዘዞ ላይ ቢሆንስ?» የሚል ሆነ።

ለሴቷ ወጣት ምርጡ መምህር ጥምቀት ነበር። በጥር ሆቴሏ በእንግዳ ይሞላል፤ በረራ የዘገየበት፣ ሻንጣው ያልደረሰለት፣ ተያያዥ በረራ የሚያመልጠው ሁሉ እንግዳ መቀበያው ላይ ይቆማል። ከቪዲዮ የያዘችውን እዚያ ስትሞክር የንግድ ቋንቋና የአገልግሎት ቋንቋ መለያየታቸውን አየች። ተራኪው ቦታ ያጣውን መንገደኛ እንደ ዕቃ ተገፍቶ የወጣ አድርጎ ይጠራዋል፤ ከፊትህ ለቆመ ሰው ይህ አይነገርም። የሰማችውን አረፍተ ነገር ሁሉ «ለእንግዳ የሚባል» እና «ስለ እንግዳ የሚባል» ብላ በሁለት ዓምድ መክፈል ጀመረች። ይህን የከፈለችው ራሷ ናት፤ እኔ ለሌሎች ተማሪዎቼ ዛሬም እጠቀምበታለሁ።

ያልሠራው

ከትልልቅ የአሜሪካ ማረፊያዎች የተቀዱ የሬዲዮ ምልልሶችን መሐንዲሱ አብዝቶ ያዳምጥ ነበር። ፍጥነታቸው ያስደምማል፤ ለጀማሪ ግን ጎጂ ሆነው አገኘናቸው። አሜሪካውያን ተቆጣጣሪዎች በአገር ውስጥ ልማድ ብዙ ያሳጥራሉ። ከዓለም አቀፉ ሥርዓትም ይለያሉ፦ የሬዲዮ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ቁጥር ላይ «ዴሲማል» በማለት ፈንታ «ፖይንት» ይላሉ፤ የአየር ግፊትንም በሄክቶፓስካል ሳይሆን በሜርኩሪ ኢንች ይሰጣሉ። ልጁ የለመደውን ለማስተው ከመማሩ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ጋሼ በዚህ ነገር ትዕግሥታቸው አጭር ነበር፤ «ይህ ትርኢት ነው» ይሉ ነበር። እኔ ያን ያህል አልጨክንም፤ መሠረቱን ለጨረሰ ሰው ጆሮ መሳያ ሊሆን ይችላል።

ፍጥነት ቀንሶ ማዳመጥም መጀመሪያ ጠቅሞ በኋላ ጎዳ። ተራኪውን ለማዘግየት የለመደ ጆሮ በተለመደው ፍጥነት ሲመጣበት ይደናገራል፤ ማንም ሰው በስልክ ሲያናግርህ ፍጥነቱን በጣትህ አትቀንስበትም። አንድን ክፍል ሁለት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ሳይሰሙ ማዘግየትን ከለከልን።

የቃላት ደብተሮቹ ወፍራም ሆነው ሳለ ብዙም አልጠቀሙም። ብዙው ቃል የጋዜጠኛ እንጂ የሠራተኛ አልነበረም። ተራኪዎች አውሮፕላን የሚቆምበትን ሜዳ ሁሉ «ታርማክ» ይሉታል፤ ማረፊያ ውስጥ የሚሠራ ሰው «ኤፕረን» (የሚቆምበት)፣ «ታክሲዌይ» (ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት) ወይም «ራንዌይ» (መንደርደሪያው) ብሎ ለይቶ ነው የሚጠራው፤ ልዩነቱም የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ውጤት

መሐንዲሱ በአንድ የአቪዬሽን ማሠልጠኛ የመግቢያ የእንግሊዝኛ ፈተና አልፎ የተቆጣጣሪነት ሥልጠና ገብቷል። ይህ ደረጃ 4 አገኘ ማለት አይደለም፤ የብቃት ምዘናው ወደፊት የሚጠብቀው ነው። ሴቷ ወጣት ለበረራ አስተናጋጅነት ያመለከተችበት አልተሳካም፤ ምክንያቱ እንግሊዝኛዋ እንዳልነበር ግን ተነግሯታል። አሁን ከሆቴሉ ወጥታ በከተማው በሚገኝ የጉዞ ወኪል ቲኬት ትቆርጣለች፤ ከውጭ ደንበኞች ጋር በስልክ የምትነጋገረው እርሷ ናት። ቴክኒሽያኑ ገና እየተጠባበቀ ነው።

ለሌሎች የሚያገለግል ትምህርት

ተመሳሳይ ቡድን ለማቋቋም የሚያስብ ሰው በቅድሚያ እያንዳንዱ አባል በሥራው ከማን ጋር፣ በምን እንደሚነጋገር ይጠይቅ። በሬዲዮ ነው? ፊት ለፊት ነው? በወረቀት ነው? የቪዲዮ ምርጫ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የኢንዱስትሪ ቪዲዮ ለሁሉም የጋራ መግቢያ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት ወራት በላይ የጋራ ሆኖ ከቀጠለ ግን ለማንም የማይበቃ ይሆናል።

ከስብሰባው ሰዓት ቢያንስ ግማሹ ቪዲዮው ቆሞ የሚያልፍ መሆን አለበት። ስብሰባው አውሮፕላን የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው ፊልም የሚያዩበት እንዳይሆን የሚጠብቀው ይህ ብቻ ነው፤ መንሸራተቱ ደግሞ በጣም ቀላል ነው፣ ቪዲዮዎቹ ይጥማሉና።

በሬዲዮ የሠራ አንድ ሰው ማግኘት ከማንኛውም መተግበሪያ ይበልጣል። በየከተማው ጡረታ የወጡ አብራሪዎች፣ ተቆጣጣሪዎች፣ የወታደር ሬዲዮ ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው የተቀመጡት። ጋሼ ክፍያ አልተቀበሉም፤ ቡና ግን በሰዓቱ እንዲቀርብ ይፈልጋሉ። የቋንቋ መምህር ብቻውን ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም። እኔ የዓረፍተ ነገሩን ስሕተት እሰማለሁ፤ የትኛው ስሕተት ሰው እንደሚገድል የሚያውቁት ግን እርሳቸው ናቸው።

የመጠየቅ ልማድ ደግሞ በስብከት አይመጣም። «ካልገባችሁ ጠይቁ» ብሎ የማይናገር መምህር የለም፤ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። እዚህ የሠራው አለመጠየቅ የሚያስወድቅበት ልምምድ መፈጠሩ ነው። ይህ በነርስነት፣ በመድኃኒት ቤት፣ በማሽን ኦፕሬተርነት ለሚሠለጥኑም ይሆናል፤ ቁጥር በቃል የሚተላለፍበት ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አደጋ አለበት።

የቴክኒሽያኑ ጉዳይ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ለእርሱ የቪዲዮ መንገድ ከሁሉም ያነሰ ጠቃሚ ነበር። የጥገና ሠራተኛ ዋና እንግሊዝኛ የጥገና ማኑዋል ነው፤ ማኑዋሎቹም የሚጻፉት ኢንዱስትሪው ለዚሁ ባዘጋጀው ቀለል ያለ ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ ነው። በዚህ አጻጻፍ የተፈቀዱ ቃላት ውሱን ናቸው፤ አንድ ቃል በተቻለ መጠን አንድ ትርጉም ብቻ ይይዛል፤ የአሠራር መመሪያ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃላት እንዲበልጥ አይፈቀድም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሎቹ ሲያዳምጡ እርሱ ጥግ ይዞ የማኑዋል ናሙናዎችን ያነባል፤ አንቀጹን ጨርሶ መመሪያውን በቅደም ተከተል በቃሉ ለአንድ ጓደኛው ይነግረዋል፤ ጓደኛውም ከወረቀቱ ላይ እያየ የዘለለውን እርምጃ ይነግረዋል።